ዋቢዎቹን በእጄ ብጽፋቸውስ? በላቴክ ዙሪያ የተነሳ አንድ ረጅም የውይይት መድረክ ክር

ጠያቂው የዶክትሬት ተማሪ ነው። ጽሑፉን አንድ ጆርናል መልሶበታል፤ አሁን ወደ ሌላ ሊልከው ነው። የመጀመሪያው ጆርናል የሚያጣቅሰው በደራሲ ስምና በዓመት ነበር። አዲሱ በቁጥር ነው፤ ያውም ሥራዎቹ ጽሑፉ ውስጥ በተነሱበት ቅደም ተከተል። ይህ ለውጥ ላቴክ ላይ፣ ጽሑፍን በትእዛዝ በሚያሰናዳው ፕሮግራም፣ የአንድ መስመር ሥራ ነው ሲባል ሰምቷል። የጆርናሉን ቴምፕሌት አውርዶ ጽሑፉን ገለበጠበት። ዋቢ በሚያሰናዳው የላቴክ ፓኬጅ በቢብላቴክ የጻፋቸውን ማጣቀሻዎች በሙሉ በፈልግና ተካ ሳይት ወደሚባለው ተራ የማጣቀሻ ትእዛዝ ቀየራቸው። ኮምፓይል ሲያደርግ፣ ማለትም ትእዛዞቹን ወደ ገጽ ሲያስቀይር፣ ግን ቁጥር በሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ጠበቀው። መጨረሻ ላይ የዋቢ ዝርዝር ጭራሽ የለም።

ተማሪው በዚህ ተናዶ ድምዳሜውን አስቀመጠ። ዋቢዎቹ ወደ 90 ይጠጋሉ። አንድ ከሰዓት ተቀምጦ በእጁ ቢጽፋቸው ይገላገላል። ቢብቴክ፣ ቢብላቴክ፣ ናትቢብ የሚባለው የዋቢ መሣሪያ ሁሉ ጣጣው ከጥቅሙ ይበልጣል። የሚቃወመኝ ካለ ይምጣ ዓይነት ነገር ነው የጻፈው። መጡለት።

ክሩ መሃሉ ላይ ጭቅጭቅ ይበዛበታል። ቁም ነገሩ ከጭቅጭቁ ሥር ስለተቀበረ ከነቁጥሩ ልተርከው።

መልስ 1 ጨዋ ነው። መፍትሔ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄ ጠየቀ። ቴምፕሌቱ የትኛውን ፓኬጅ ይጠራል? የዋቢውን ፋይል የሚያነበው ቢብቴክ ነው ወይስ ቢበር? ፕሮግራሙ ሥራውን የሚጽፍበት መዝገብ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያስ ምን ይላል? ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ቀይ ነገር ስክሪን ላይ ሲያይ ይደነግጣል እንጂ አያነበውም።

መልስ 2 ረዘም ያለ ነው፤ ግን እጅ እጅ አይልም። ላቴክ መጀመሪያ ሲሠራ ዋቢዎቹን አያውቃቸውም ይላል። የተጠቀሱትን ሥራዎች ቁልፍ፣ ማለትም መለያ ስማቸውን፣ ብቻ ኤዩኤክስ በምትባል ረዳት ፋይል ላይ ይመዘግባል። ቢብቴክ ያቺን ፋይል ያነባል። ቁልፎቹን የዋቢዎቹ ዝርዝር መረጃ ከተቀመጠበት ከቢብ ፋይሉ ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። ቢኤስቲ ፋይሉ ላይ በተጻፈው የጆርናሉ ደንብ ያሰናዳቸውና ቢቢኤል የሚባል ፋይል ይሠራል። ላቴክ ሁለተኛ ሲሠራ ዝርዝሩን ከዚያ ያስገባል፤ ቁጥሮቹን ግን ገና መመዝገቡ ነው። ሦስተኛ ሲሠራ ቁጥሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። እና ቅደም ተከተሉ ላቴክ፣ ቢብቴክ፣ ላቴክ፣ ላቴክ ነው። የጥያቄ ምልክት ካየህ ወይ አንዱ ተዘሏል፣ ወይ ቁልፉ አልተገኘም። ላቴክኤምኬ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ሁሉ በራሱ እንደሚያስኬድም ጨምሮ ተናገረ።

መልስ 3 የጠያቂው ወገን ሆኖ ገባ። ዋቢዎቹ 15 ብቻ ለሆኑ አጭር ጽሑፍ በእጁ እንደሚጽፍና ማንም እንዳልተቆጣው ነገረን። ቀጥሎ ግን ራሱን በራሱ አፈረሰ። አንዴ የጆርናሉ ደንብ በተነሱበት ቅደም ተከተል ይሁን ይላል። ገምጋሚው ደግሞ አንድ አንቀጽ ከመግቢያው ወደ ውይይቱ ይዛወር አለው። አንቀጹ ሲሄድ ውስጡ ያሉት አምስት ዋቢዎች ዝርዝሩ ላይ ቦታቸውን መልቀቅ ነበረባቸው። እየቆረጠ ሲለጥፍ አንዷን ሁለት ጊዜ ለጠፋት፤ ሌላዋ ጠፋች። ይህን ሁሉ ተርኮ ሲያበቃ ያው በእጅ መጻፍ ቀላል ነው ብሎ መዝጋቱ አስቆኛል።

መልስ 4 ስለታም ነው። በእጁ የሚጽፍ ሰው የአርታኢውንም የገምጋሚውንም ጊዜ ያባክናል፣ እንዲያውም ላቴክ ባይጠቀም ይሻላል አለ። ምክንያት አልሰጠም።

መልስ 5 ይህን አረመ። ደግሞም አሳምሮ አረመ። ቢብቴክ የሚያወጣው ቢቢኤል ፋይል ሲከፈት ውስጡ ያለው ያው በእጅ የሚጻፈው የዋቢ ዝርዝር ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ ጆርናሎች የመጨረሻው ረቂቅ ሲላክ ቢቢኤሉን ዋናው ፋይል ውስጥ ለጥፉት የሚሉት። በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ነውር የለበትም። ችግሩ ለሚቀጥለው ጆርናል እንደገና በእጅ መጻፉ ነው፤ የዚህ ልጅ ጽሑፍ ደግሞ ሁለተኛ ጆርናሉ ላይ ነው። ለመልስ 4 ባለቤት የተሰጠችው ምክር አጭር ነበረች፦ ከመሳደብህ በፊት ፋይሉን ከፍተህ እይ።

መልስ 6 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ለካስ የጽሑፍ ፕሮግራሙ የኮምፓይል ማዘዣ እንደ ቀድሞው በቢበር እንዲሠራ እንደተደረገ ቀርቷል። ወደ ቢብቴክ ሲያዞረው የጥያቄ ምልክቶቹ ሄደው ቁጥሮች መጡ። ደስታው ግን አልቆየም። ዝርዝሩ ላይ ከግማሽ በላዩ የጆርናል ስም የለውም፤ ዓመትም የለውም። መዝገቡ ጆርናሉ ባዶ ነው፣ ዓመቱ ባዶ ነው እያለ ይደጋግማል። ፋይሉን ሲከፍተው ግን ሁለቱም ቁልጭ ብለው ተጽፈዋል። ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው አለ።

መልስ 7 ችግሩን ወዲያው ለየው። ፋይሉ የተሰናዳው ለቢብላቴክ ነው። ቢብላቴክ የጆርናሉን ስም ጆርናልታይትል በሚባል መስክ፣ ጊዜውን ዴት በሚባል መስክ ይይዛል። የድሮዎቹ የቢኤስቲ ስታይሎች የሚያውቁት ግን ጆርናልና ይር የሚባሉትን ነው። የማያውቁትን መስክ ዝም ብለው ያልፉታል። ለማተሚያ ቦታም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሎኬሽን፣ ሌላው አድሬስ ይለዋል። መፍትሔው ወደ ድሮዎቹ ስሞች መመለስ ነው። ቢብላቴክ የድሮዎቹንም ስለሚቀበል ፋይሉ ለሁለቱም ያገለግላል። ይህችን ምክር ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ክሩን ማንበቡ አይቆጨውም።

ነገሩ እዚህ ጋ ማለቅ ነበረበት። መልስ 8 ግን ለምን ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ፣ ቢብላቴክን ይመልስ አለ። ጦርነቱ ተከፈተ።

መልስ 9 ታሪክ ይዞ መጣ። ቢብቴክን ኦረን ፓታሽኒክ ከላቴክ ፈጣሪ ከሌስሊ ላምፖርት ጋር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እስካሁን የስሪት ቁጥሩ 0.99 ላይ ነው ያለው። የስታይል ፋይሎቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ደግሞ ዋጋዎቹን አስቀድሞ ትእዛዙን ኋላ የሚያስከትል ነው፤ አንድ ኮማ ለመቀየር ሲሉ ብዙዎች ራሳቸውን ይዘዋል። ቢብላቴክን ፊሊፕ ሌማን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያመጣው ይህን ሁሉ ወደ ራሱ ወደ ላቴክ ትእዛዞች መለሰው። ቢበር ሲጨመርበት ደግሞ የዓለም ፊደላትን በዩኒኮድ ማንበብ ቻለ።

መልስ 10 ታሪኩ ትክክል ነው፣ ግን ለዚህ ልጅ አይበጀውም አለ። የጆርናሉ ክላስ፣ ማለትም የቴምፕሌቱ ዋና ፋይል፣ ራሱ ናትቢብ የሚባለውን የማጣቀሻ ፓኬጅ ይጠራል። ናትቢብና ቢብላቴክ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ላይ አይገናኙም። ቢብላቴክ የናትቢብን ትእዛዞች የሚያስመስል አማራጭ አለው፤ ክላሱ ናትቢብን አስቀድሞ ከጫነው ግን አማራጩ ዋጋ የለውም። ኤልሰቪየርም፣ አይትሪፕልኢም፣ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርም ለጸሐፊዎች የሚሰጡት የቢኤስቲ ፋይል ነው። አሳታሚው የሰጠህን አትንካ፤ ቢብላቴክን ለመመረቂያ ጽሑፍህ አስቀምጠው። እዚያ ለየምዕራፉ ዝርዝር ማውጣት ትችላለህ፣ በየርእሱ መክፈል ትችላለህ፣ የሚጠይቅህ አሳታሚ የለም። እኔም ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም።

መልስ 11 አልተዋጠለትም። አሳታሚዎች በ1980ዎቹ ቀርተዋል፣ እነሱን ማባበል ይብቃ አለ። መልስ 12 ጽሑፍህን አሳትመህ ታውቃለህ ወይስ ዝም ብለህ ፓኬጅ ስታወርድ ነው የምትውለው ብሎ መለሰለት። መልስ 13 ደግሞ ሁለቱን ትቶ ሦስተኛ መንገድ አመጣ። ፓትሪክ ዴሊ፣ ናትቢብን የሠራው ሰው፣ ኩስተም ቢብ የሚባል ነገርም ሠርቷል። ፕሮግራሙ ጥያቄ በጥያቄ ያፋጥጥሃል፦ የስም መነሻ ፊደል ከፊት ይሁን ከኋላ? ዓመቱ በቅንፍ ይሁን? ከቅጽ ቁጥር በኋላ ኮማ ወይስ ሁለት ነጥብ? መልስህን ሰብስቦ የራስህን ቢኤስቲ ፋይል ያወጣልሃል። ጥያቄው ስለሚበዛ በትዕግሥት ተቀመጡ ብሏል። አሳታሚው ስታይል ሳይሰጥ ደንቡን በጽሑፍ ብቻ ለሚያስቀምጥ ጆርናል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጭቅጭቁ መሃል ስለወደቀ ግን ማንም አላነሳው።

አወያዩ በመልስ 14 ገብቶ ሰዎቹን አረጋጋ። ጥያቄው የልጁ ዋቢዎች ለምን እንደተበላሹ ነው፣ የትኛው ፓኬጅ ይወደዳል አይደለም አለ። ጠያቂው አጋጣሚውን ተጠቅሞ የቀሩትን ችግሮች ዘረዘረ። አንዳንድ ርእሶች ላይ የዘረመሉ ምህጻረ ቃል ዲኤንኤ በትንንሽ ፊደላት ወጥቷል። የሳይንቲስቱ የማርኮቭ ስም ርእስ ውስጥ ሲገባ በትንሽ ኤም ተጽፏል። አንድ ዋቢ ሊያስቀር ፈልጎ መስመሩ ፊት የፐርሰንት ምልክት ቢያደርግ ቢብቴክ ስህተት አለብህ አለው።

ከዚህ በኋላ ያለው የክሩ ክፍል ነው ለእኔ ዋናው። ሰዎቹ ሳያውቁት ከስታይል ወጥተው ወደ ፋይሉ ይዘት ገቡ። ስታይሉ የጆርናሉ ነው። ቢብ ፋይሉ ግን የራስህ ነው፤ አብሮህ ከጆርናል ጆርናል ይዞራል።

መልስ 15 ስለ ትልልቅ ፊደላት ነው። ብዙ ስታይሎች የጽሑፍን ርእስ ከመጀመሪያዋ ፊደል በቀር ወደ ትንንሽ ፊደል ይመልሳሉ። ቢብቴክ የሰው ስምና ምህጻረ ቃል የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ እንዳይነካ የምትፈልገውን ቃል በጥምዝ ቅንፍ ታስገባዋለህ። መልስ 16 ይህን ሰምቶ ርእሱን በሙሉ በድርብ ቅንፍ ብንከተውስ፣ አንዴ ተገላገልን አለ። መልስ 17 ተቃወመ፤ ትክክል ነበረች። ርእሶቹን ከየቦታው ነው የሰበሰብካቸው፤ አንዱ ቃል ሁሉ በትልቅ ፊደል የሚጀምር ነው፣ ሌላው አይደለም። ሁሉንም በቅንፍ ስትቆልፋቸው ስታይሉ ወጥ ሊያደርጋቸው አይችልም። ዝርዝሩ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ቅንፉ ለሚያስፈልገው ቃል ብቻ ይሁን ብላለች። ስለ ፐርሰንቱም አብራ መለሰች፦ ቢብቴክ ውስጥ ያ ምልክት መስመርን አያስቀርም። ፕሮግራሙ ከዋቢዎቹ ውጭ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ስለሚዘለው ግን የዋቢውን መነሻ የአት ምልክት ብታጠፋ ዋቢው በሙሉ ይዘለላል።

መልስ 18 የደራሲያን ስም ጉዳይ ይዞ ገባ። ክሩ ውስጥ እንደዚህ ያሳቀኝ የለም። ቢብቴክ ደራሲያንን የሚለያየው በኮማ አይደለም፤ ኤንድ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ኮማው የቤተሰብ ስምን ከራስ ስም ለመለየት ነው። አራት ደራሲያንን በኮማ ብቻ ደርድሮ የሰጠው ሰው ስም ውስጥ ኮማ በዛ የሚል ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ሰውየው ግን አንድ ሪፖርት ጠቅሶ ነበር፤ ደራሲው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ሙሉ ስሙ። ስሙ ውስጥ ኤንድ የሚል ቃል አለ። ቢብቴክ ሁለት ደራሲያን አደረጋቸው። አንደኛው ፉድ የሚባል ሰው ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ የቤተሰብ ስሙ ዩናይትድ ኔሽንስ፣ የራሱ ስም ኤ. ኦ. ተብሎ ያጠረ ሰው። የድርጅት ስም ሁልጊዜ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ይግባ፤ ያኔ ቢብቴክ እንደ አንድ የማይከፈል ስም ያየዋል።

መልስ 19 ከዚህ ተነስታ ጎን ወጣች። ሁለተኛው ስም የአባት ለሆነባቸው፣ የቤተሰብ ስም ለሌላቸው ደራሲያን ምን እናድርግ? አባትዬውን ነው የምንጠቅሰው? መልስ 20 ሁለት አማራጭ ሰጠ። ስሙ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ከፈለግሽ ያው ድርብ ቅንፍ ነው። ደራሲው ራሱ ጽሑፎቹን እንዴት ሲፈርም እንደኖረ ካየሽ ግን እሱን ተከተዪ፤ የጥቅስ ቆጠራው የሚገጥመው በዚያ ነው። እሷም አመሰገነች።

መልስ 21 ቴክኒካዊ ነው፤ ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ኤሚል የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ አለ፤ ስሙ የሚጀምረው ከላዩ ጭረት ባለባት ኢ ነው። ሰውየው ፊደሏን በዩኒኮድ እንዳለች አስገባት። ስታይሉ የራስ ስምን ወደ መነሻ ፊደል ያሳጥራል። ዋናው ቢብቴክ ግን የሚያየው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ያቺ ፊደል በሁለት ባይት ትጻፋለች፤ ቢብቴክ የመጀመሪያውን ባይት ብቻ ቆርጦ ወሰደ። ላቴክም ይህ ዩኒኮድ አይደለም ብሎ ቆመ። የስህተቱ መልእክት ስለ ኤሚል አንዲት ነገር አይናገርም፤ ሰውየው ለቀናት የፈለገው ጽሑፉ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱ ፊደሏን በድሮው መንገድ፣ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ በባክስላሽና በጭረት መጻፍ ነው። ቢብቴክ ያንን ጥቅል እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። የቢብላቴክ ደጋፊው የመልስ 11 ባለቤት እዚህ ጋ ብቅ ብሎ፣ ነግሬያችሁ ነበር፣ ቢበር ይህ ችግር የለበትም አለ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 22 የጆርናል ስም ማሳጠርን በጥድፊያ አነሳ። በአይኤስኦ 4 ደንብ ነው የሚያጥረው፣ ጃብሬፍ የሚባለው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም በአንድ ቁልፍ ያሳጥርላችኋል ብሎ ሄደ።

መልስ 23 ቁጣ ነው። እኛ ተመራማሪዎች ነን፣ ኮማ ማስተካከል የአሳታሚው ሥራ ነው፣ በነጻ እየሠራንላቸው ነው አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። ኤልሰቪየርን የመሰሉ አሳታሚዎች ለብዙ ጆርናሎቻቸው የመጀመሪያውን ረቂቅ በየትኛውም ወጥ ስታይል እንደሚቀበሉም አስታወሰ። ይህም እውነት ነው፤ ከመድከም በፊት የጸሐፊዎች መመሪያውን ማንበብ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

መልስ 24 ከጠረጴዛው ማዶ የመጣች ናት። ለአሳታሚዎች ገጽ የማሰናዳት ሥራ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። አነጋገሯ ለስለስ ያለ ነው፤ ግን ለሁለቱም ወገን ቆንጠጥ አድርጋ ነው የሰጠችው። ስለ ኮማው አትጨነቁ ትላለች። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ወደ ኤክስኤምኤል ይቀየራል። እያንዳንዱ ዋቢ ደራሲ፣ ርእስ፣ ጆርናል፣ ቅጽ፣ ገጽ እየተባለ ይበተናል፤ ከዚያ በጆርናሉ ደንብ እንደ አዲስ ይሰበሰባል። ተማሪው ሲጨቃጨቅበት የዋለው ሰያፍ ጽሑፍ እዚያ ጋ ያልቃል። የማያልቀው ይዘቱ ነው። ቅጹ ከተሳሳተ ወይም ደራሲው ከጎደለ ፕሮግራሙ ሥራውን ክሮስሬፍ የሚባለው መዝገብ ላይ አያገኘውም። ክሮስሬፍ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያቋቋሙት ነው፤ አንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር በዲኦአይ፣ ማለትም በጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር፣ የሚያያዘው በእሱ በኩል ነው። ያልተገኘው ዋቢ ወደ ጸሐፊው በጥያቄ መልክ ይመለሳል፤ አለዚያም ሳይያያዝ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልታደርጉልኝ ከፈለጋችሁ ዲኦአዩን አስገቡ አለች። ከዚህ መልስ ይልቅ የፓኬጁ ጠብ ብዙ ተመልካች ማግኘቱ ያሳዝናል።

መልስ 25 እሺ፣ ዲኦአዩ ካለ ዋቢውን በሙሉ ከራሱ ከዲኦአይ አገልግሎት በቢብቴክ መልክ መጠየቅ ይቻላል አለ። ከጎግል ስኮላር ከመገልበጥ ይሻላል፤ እዚያ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ዲኦአይ የለውም፣ ደራሲያኑ ሲበዙም መሃል ላይ ተቆርጦ እና ሌሎች ብሎ ያልፋል። መልስ 26 ደግሞ አትመኑት አለ። ከአሳታሚ የሚመጣውም ንጹሕ አይደለም። ርእሱ በሙሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ይገኛል። የድረ ገጽ ኮድ ርእሱ ውስጥ ተሰንቅሮ የሚመጣ አለ። ገጽ የሌለው፣ በምትኩ የጽሑፍ ቁጥር ያለው አለ። እሱ የመጣለትን ሁሉ ከጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር ያስተያያል። ዞቴሮ የሚባለውን የዋቢ መሰብሰቢያ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰውም ቢሆን ከዚህ ሥራ አያመልጥም፤ ዞቴሮ የሚሰበስበው ያንኑ ነው።

መልስ 27 ከርእስ ወጣ። አንድ ተማሪ ዋቢዎቹን ቻትቦት ጠይቆ አምጥቶ፣ ደራሲያኑ በእውነት ያሉ፣ ጆርናሉም ያለ፣ ጽሑፉ ግን የሌለ ሆኖ ማግኘቱን ተረከ። መልስ 28 እንዲህ ያለ ሰው ከትምህርት ቤት ይባረር አለ። መልስ 29 መባረሩን ተዉትና ዲኦአዩን ጠቅ አድርጉት፣ የማይከፈት ከሆነ ወይም ሌላ ጽሑፍ ከከፈተ ያኔ ታውቁታላችሁ አለ። አያይዞም ዞቴሮ ከታተመ በኋላ የተሻረ ጽሑፍ ስብስባችሁ ውስጥ ካለ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ነገረን። መረጃውን የሚያገኘው ከሪትራክሽን ዎች የመረጃ ቋት ነው፤ ቋቱን እ.ኤ.አ. በ2023 ክሮስሬፍ ገዝቶታል። የተሻረ ጽሑፍን እንደ ማስረጃ መጥቀስ ከኮማ ስህተት የከፋ መሆኑን የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 30 ላይ ጠያቂው በደስታ መጣ። መስኮቹን ቀይሯል፣ ቅንፎቹን አስገብቷል፣ ዲኦአይ የሌላቸውን ሞልቷል። የናትቢብን የመደርደርና የማጠጋጋት አማራጭ ሲያበራ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ የሚደረድረው ከሦስት እስከ አምስት ወደሚል አጠረለት። ዝርዝሩ ያምራል አለ፤ የመጀመሪያውን ገጽም ለጠፈ።

መልስ 31 ዝርዝሩን አላየውም፤ ጽሑፉን አነበበው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው በቅንፍ ባለ ቁጥር ነው። 12 በቅንፍ አሳየ፣ 17 በቅንፍ ግን ተቃወመ ይላል። ቁጥር አያሳይም፣ አይቃወምም። ምክንያቱ የመጀመሪያው ፈልግና ተካ ነው። ቢብላቴክ ላይ ተማሪው ሁለት ትእዛዝ ነበረው፤ አንዱ ስሙን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የሚያደርግ፣ ሌላው ሁሉን በቅንፍ የሚከት። ሁለቱንም ወደ አንድ ሲቀይራቸው ባለቤቶቹ ጠፉ። ናትቢብ ላይ ለመጀመሪያው ሳይትቲ፣ ለሁለተኛው ሳይትፒ አለ። ሳይትቲ በቁጥር ስታይልም ቢሆን የደራሲውን ስም ጽፎ ቁጥሩን ያስከትላል። ያ የድሮ ፋይል ካለህ ከእሱ ጀምር፣ ሁለቱን ለየብቻ ቀይራቸው አለው።

ቀጥሎ ደግሞ ማንም ያላሰበውን አነሳ። ስምና ዓመት በሚጠቅስ ጆርናል አንባቢው ዓመቱን ያያል። የቀድሞው ሙከራ የሚል ሐረግ አጠገብ 1998 ካለ ይገባዋል። በቁጥር ጆርናል ግን ዓመቱ የለም። ሐረጉ ለብቻው ይቀራል፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አንባቢው ዝርዝሩ ድረስ ወርዶ ካላየ አያውቅም። እና ጽሑፉን ከመላክህ በፊት ማጣቀሻ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጮክ ብለህ አንብበው። የአንድ መስመር ለውጥ የሚባለው ለዝርዝሩ ነው፤ ለዓረፍተ ነገሩ ፓኬጅ የለውም።

ተማሪው በመልስ 32 እሺ አለ፤ ትንሽ እንደከፋው ያስታውቃል። መልስ 33 አጽናናው። ከመላክህ በፊት ረዳት ፋይሎቹን በሙሉ አጥፍተህ ከዜሮ ኮምፓይል አድርግ፣ የቢብቴክን መዝገብ ቢኤልጂውን ክፈት፣ ማስጠንቀቂያ ካለ አንድ በአንድ ጨርሰው፣ ቢቢኤሉንም አብረህ ላክ አለው። በቢብላቴክ የተሠራ ቢቢኤል ከሆነ ግን የተቀባዩ ስሪት ካንተ ስሪት ጋር ካልገጠመ እንደማይነበብ አስጠነቀቀ። የመልስ 11 ባለቤት ይህችን አይቶ አንድ ረጅም አንቀጽ ጻፈ። አወያዩ ሰረዘው።

መጨረሻ ላይ፣ በመልስ 35፣ አንድ አዲስ ሰው ለአባሪው የተለየ የዋቢ ዝርዝር እፈልጋለሁ፣ ቁጥሩም ኤስ 1 ብሎ ይጀምር አለ። መልቲቢብ የሚባለውን ፓኬጅ ሞክር ተባለ። ከናትቢብ ጋር አብሮ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይሠራል፣ ግን ለእያንዳንዱ ዝርዝር ቢብቴክን ለየብቻ ማስኬድ አለብህ አሉት። አወያዩ ለዚህ የራሱ ክር ይከፈትለት ብሎ ዘጋው።